ስምንት ካርዶች ከታይፔ

አስራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ እናቴ ቋንቋችንን እየረሳች እንደሆነ ደረስኩበት።

ማስረጃ ነበረኝ። በጫማ ካርቶን ውስጥ ያስቀመጥኳቸው ሰባት የልደት ካርዶች። አምስት ዓመት ሲሞላኝ ከታይፔ የላከችልኝ የመጀመሪያው ካርድ ከፊትም ከኋላም ጢም ብሎ የተጻፈበት ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ መስኮቷ ላይ ስለሚያርፉት እርግቦች፣ በየጠዋቱ ገንፎ ይዛላት ስለምትመጣ ነጭ ስለለበሰች ሴት። እማዬ ሠራተኛ ቀጥራለች ብዬ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጉራዬን ነዝቼበታለሁ። ሁለተኛውም እንዲሁ ረጅም ነበር። ሦስተኛው ላይ ወሬው ግማሽ ገጽ ሆነ። አራተኛው አምስት መስመር። ሰባተኛው ሁለት መስመር ብቻ፦ «ላኒ፣ እንኳን ተወለድሽ። ፓፓንና ኤማክን ታዘዢ።» ኤማክ አያቴ ናቸው። የእጅ ጽሑፏም ተለውጧል። መጀመሪያ ላይ ፊደሎቿ ወደ ቀኝ ዘንበል ይሉ ነበር፤ ከሦስተኛው ካርድ ወዲህ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። የቻይና ፊደል ሲጽፍ የከረመ ሰው እጁ የኛን ፊደል ይረሳል ብዬ ደመደምኩ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ለሁሉም ነገር ምክንያት አላጣም።

ፓፓ የሚነግረኝ ታሪክ አጭር ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ግንቦት፣ ሰዉ በእኛ በቻይናዎቹ ላይ ተነሥቶ ከተማችን ሶሎ ስትነድ፣ የእኛም የጨርቅ ሱቅ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ እማዬ ታይፔ ወደምትኖረው የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሄደች። «ይህን አገር ፈርታለች፤ ሲቀላት ትመለሳለች» ይለኛል። ስልክ ደውልልኝ ስለው «ድምፅሽን ከሰማች ለቅሶ ይይዛታል» ይላል። እኔም እናቴን ማስለቀስ ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ «ሲቀላት»ን ስጠብቅ ኖርኩ።

አሁን ግን ፈራሁ። በዚህ አያያዟ ሁለት ዓመት ቆይታ ብትመጣ፣ በሩ ላይ ቆመን ምን ልንባባል ነው? እሷ የኛን አትችል፣ እኔ የእሷን አልችል። ስለዚህ ጊዜ ሳይጠፋ ቻይንኛ መማር ነበረብኝ።

ደግሞ ያን ዓመት ሶሎ ውስጥ ቻይንኛ ያልጀመረ፣ እንደኛ ዘሩ ከቻይና የሆነ ልጅ ነበር ማለት ይከብዳል። በመንግሥት ከሠላሳ ዓመት በላይ የተከለከለ ቋንቋ ከተፈቀደ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ወላጆቻችን አንዲት ፊደል ሳይለዩ አድገው፣ አሁን የቀረባቸውን ሁሉ እኛ ጭንቅላት ውስጥ ሊያጭቁ ይሽቀዳደማሉ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ የእናቶች ክርክር ነበር። አንዷ «በአራት ዓመቱ ያልጀመረ ምላሱ አይታጠፍም» ትላለች። ሌላዋ «ኧረ ተዪ! ከእንግሊዝኛው ጋር ተደባልቆበት ሁለቱንም ያጣል፤ ሰባተኛ ክፍል ነው ልኩ» ትላለች። የጓደኛዬ የሬጊና እናት ደግሞ ፓፓ ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ መንገድ ላይ ትይዘዋለች። «ጉናርቶ፣ ምነው ልጅህን ወደ ኋላ ታስቀራታለህ? እናት አጠገቧ ብትኖር እንዲህ አትሆንም ነበር።» ፓፓ ፈገግ ብሎ «ልክ ነሽ» ይላትና ይሄዳል።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ፎርሙ መጣ። ማንዳሪን የሚሉት ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ምንም፤ ሦስት ሳጥኖች፣ ከታች የወላጅ ፊርማ። ፓፓ ሱቁ ከተቃጠለ ወዲህ ቤታችን ደጃፍ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግን ነበር።

«ፓፓ፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ።»

ከተገለበጠ መኪና ሆድ ውስጥ እጁን ሳያወጣ «ምንድነው?» አለኝ።

«የማንዳሪን ክፍል።»

እጁ ቆመ። «እንግሊዝኛ ትማሪ የለም እንዴ?»

«እሱማ ግዴታ ነው። ይሄ ምርጫ ነው። ሬጊናም ተመዝግባለች፣ ሁሉም ተመዝግቧል።»

«ዘጠነኛ ክፍል ስትደርሺ።»

«ያኔማ አለቀ! ሰባተኛ ላይ ያልጀመረ ዘጠነኛ ላይ አይቀበሉትም።»

«ይቀበላሉ። እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

«ለምን ግን?»

«ላኒ» አለኝ። ስሜን ብቻውን ከጠራ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ «ምንም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገና ፈረመበት። የጣቱ የማሽን ዘይት ወረቀቱ ላይ ቀረ። እልህ ያዘኝ።

ቤታችን ውስጥ ቻይንኛ ማንበብ የሚችሉት ኤማክ ብቻ ነበሩ፤ የፓፓ እናት። እሳቸው እንዲያስተምሩኝ ለምኛቸው ነበር። «ለአባትሽ ቃል ገብቻለሁ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ይህን ሲሉ ግን ዐይናቸው ወደ ጓዳው በር ሄደ።

ጓዳው ውስጥ የአመድ ጠረጴዛ የምንለው ነበር፤ የሙታኖቻችን ጠረጴዛ። ላዩ ላይ ስም የተቀረጸባቸው አምስት የእንጨት ጣውላዎች ቆመዋል። ስም የሌላት ነፍስ የምታርፍበት አጥታ እየተራበች ትዞራለች ይላሉ ኤማክ። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ለእያንዳንዱ ጣውላ ሻይ የምቀዳው፣ ዕጣን ለኩሼ ሦስት ጊዜ ጎንበስ የምለው እኔ ነበርኩ፤ የቤቱ የልጅ ልጅ እኔ ብቻ ነኛ። ማንበብ ስለማልችል የራሴን ስም አውጥቼላቸዋለሁ፦ ጥቁሩ፣ ወፍራሙ፣ ስንጥቁ፣ አጭሩና አዲሱ። ለአዲሱ ኤማክ ሁልጊዜ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያስጨምሩኛል። ጣፋጭ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው ብዬ አስብ ነበር፤ ጥርሳቸው የረገፈ፣ ድድ ብቻ የቀራቸው። ፓፓ በእነዚያ ቀናት ጓዳው ውስጥ አይገባም። ካቶሊክ ስለሆነ ነው እል ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አልነበረም።

ፎርሙ በተፈረመ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሙቀቱ ሸሽቼ ከመጋረጃው ጀርባ የሸክላው ወለል ላይ ተኝቻለሁ። የተኛሁ መስሏቸዋል።

«ፈርምላት እንጂ» አሉ ኤማክ።

«ኤማክ፣ ይህን ነገር ጨርሰናል እኮ።»

«አንተ ጨርሰህ ይሆናል። በየአስራ አምስት ቀኑ ለማን ሻይ እንደምትቀዳ ሳታውቅ እስከ መቼ?»

«ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ። ያኔ ትልቅ ልጅ ትሆናለች፤ ትችለዋለች።»

«እስከዚያ እኔስ እኖራለሁ?»

«ይኖራሉ።»

«ደግሞ ሐኪም ሆነህልኛል!»

ፓፓ ብሎን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ይሰማኛል። ከዚያ «ዛሬ ብትጀምር በሦስት ወር ግማሹን ታውቃለች» አለ። «እኔ የምፈራው እሱን ነው። ግማሹን አውቃ እንዳትቆም። ከጀመረች እስከ መጨረሻው ማንበብ በምትችልበት ዕድሜ ትጀምር፤ እኔም አጠገቧ እሆናለሁ። ደግሞ ቃል ገብተውልኛል።»

«ገብቻለሁ። ከአፌ አንዲት ቃል አይወጣም» አሉ ኤማክ። ከዚያ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ።

ሆድ ባሰኝ። አባቴ ደደብ ናት እያለኝ ነበር፤ ሦስት ወር ተምራ ታቋርጣለች እያለ። የሰማሁት ያንን ብቻ ነው። ዛሬ ያን ንግግር ቃል በቃል እዚህ የምጽፈው ያኔ በደንብ ስለሰማሁት ነው፤ ጆሮዬ ምንም አልጎደለውም። አሳየዋለሁ አልኩ ለራሴ።

ትምህርት ቤት ሄጄ ፎርሙ ላይ ዘይት ፈሰሰበት ብዬ ሌላ ተቀበልኩ። ፓፓ በየቀኑ ለደንበኞቹ የዋስትና ወረቀት ስለሚፈርም ፊርማውን እንደ ራሴ ስም ነበር የማውቀው። ረቡዕና ቅዳሜ ባድሚንተን እጫወታለሁ አልኩት። ሁለተኛ እጅ ራኬት ገዛልኝ። ስወጣ «ጉልበትሽን ጠብቂ» ይለኛል፤ እኔም አፌን ሞልቼ «እሺ ፓፓ» እለዋለሁ።

አስተማሪያችን ሊም ላኦሺ ነበሩ፤ አስተማሪ ላኦሺ ይባላል። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሰባ ያለፋቸው ሰው። ቋንቋው በተከለከለበት ዘመን ጋራዥ ውስጥ በድብቅ ሲያስተምሩ ኖረዋል ይባል ነበር። ጮክ ብለው ማንበብ ይጀምሩና መሃል ላይ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ዐይናቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል። የጻፉትን ገልብጠን ሳንጨርስ ከሰሌዳው ላይ ያጠፉታል።

«ላኦሺ፣ ቆይ እንጂ! ገና ነን እኮ!»

«ኦ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይሉና እንደገና ይጽፉታል። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ሬጊና ሰሌዳ እያጠፋች ወደ መስኮት የምታይ ሽማግሌ ሆና ስትጫወት ክፍሉ ይናወጣል። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

መማሩ ግን ደስ አለኝ። «ከላይ በግ፣ ከታች ትልቅ። ሲደመር ቆንጆ» ይሉናል ላኦሺ። «ለድሮ ሰው ከሰባ በግ የበለጠ ምን ቆንጆ ነገር አለ?» በመስከረም ስምንተኛው ካርድ መጣ። አንድ መስመር ብቻ፦ «እንኳን አደረሰሽ፣ ላኒ። እማዬ።» ወሽመጤ ቁርጥ አለ። በቃ፣ ልትጨርሰው ነው አልኩ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስምንቱንም ደርድሬ አየኋቸው። የሚቀጥለው ዓመት ባዶ ወረቀት እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ የማውቀውን ያህል በቻይንኛ ልጽፍላት ቆረጥኩ፦ እኔ ላኒ ነኝ፤ ሰባተኛ ክፍል ነኝ፤ ነይ። «ነይ» ማለት ተምሬ ነበር። የቀረኝ የራሷ ስም ነው።

ኤማክ ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

«ኤማክ፣ የእማዬ የቻይና ስም እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ቢላዋውን አስቀመጡ። «ምን ያደርግልሻል?»

«ደብዳቤ ልጽፍላት ነው። ለፓፓ እንዳይነግሩብኝ።»

ተነሥተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ አንዴ ታጥበው ደገሙት። ያለፈውን ወር የቀን መቁጠሪያ ቀደው በጀርባው ላይ ሦስት ፊደል ጻፉ፤ ትልልቅ፣ በድሮው አጻጻፍ። ዊ ብዌ ላን። መካከለኛው ላይ በጉ ከትልቁ ላይ ቆሞ አየሁትና ደስ አለኝ።

«ቆንጆ ማለት እኮ ነው!»

«ነበረች» አሉ ኤማክ። ከዚያ ወረቀቱን እጄ ውስጥ አስጨበጡኝ። «ተለማመጂው። የትም ብታዪው እስክትለዪው ድረስ ተለማመጂው።»

ቃላቸውን አላፈረሱም። ከአፋቸው ምንም አልወጣም፤ ስም ብቻ ነው የጻፉት። እኔም ሁለት መቶ ጊዜ ጻፍኩት።

ኅዳር ላይ፣ ጨረቃ በሞላችበት ዕለት፣ ፓፓ ካራንግአኛር ያለ የስፌት ፋብሪካ መኪና ሊጠግን ሄዷል። ውጭ ዝናብ ይወርዳል። ጣውላዎቹን ከአመዱ የሚያጸዱት ሁልጊዜ ኤማክ ነበሩ፤ ያን ቀን ግን «ወገቤን ይዞኛል፤ ዛሬ አንቺ ጥረጊያቸው» ብለው ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥቁሩን ጠረግሁ። ወፍራሙን፣ ስንጥቁን፣ አጭሩን። ከዚያ አዲሱን አነሣሁ። እርጥቡ ጨርቅ ሲያልፍበት ጥላሸቱ ለቀቀና ፊደሎቹ ወጡ።

መጀመሪያ ያየሁት በጉን ነው። ከሥሩ ትልቅ። ደስ ብሎኝ «ይህን አውቀዋለሁ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ከበላዩ ያለውን አየሁ፣ ከበታቹ ያለውን አየሁ። እጄ ራሱ አወቃቸው፤ ሁለት መቶ ጊዜ ጽፏቸዋላ። ክው አልኩ። ጥርሳቸው የረገፈው ሽማግሌ እናቴ ነበረች። በየአስራ አምስት ቀኑ ሁለት ማንኪያ ስኳር የማማስልላት።

ወደ ኤማክ ዞርኩ። እያዩኝ ነበር።

ከሦስቱ ፊደሎች ጎን በጣም ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት፤ እንደ ሩዝ ፍሬ የረቀቀ፣ በጭስ የጠቆረ። አላየሁትም። ያየሁት ይበቃኝ ነበር፤ ወይም የበቃኝ መስሎኝ ነበር። ጣውላውን ቦታው መለስኩና የዚያን የግንቦት ቀን አስታወስኩ። የማስታውሰው ትንሽ ነው። የሚቃጠል ጎማ የሚሸት ጭስ። ጎረቤታችን ፓክ ሱጊት ከአንድ ሌላ ሰው ጋር የተነቀለ በር ተሸክመው ከሱቃችን ጓሮ ሲወጡ። በሩ ላይ እማዬ ተኝታለች፤ በባቲክ ጨርቅ እስከ አፍንጫዋ ተሸፍናለች። «ተኝታ ነው የኔ ልጅ፤ እንዳትቀሰቅሺያት» አለኝ ፓክ ሱጊት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ያየሁትን እንደ እንቅልፍ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። አሁን አስራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ማንበብም ችያለሁ፤ አንድ ላይ ደመርኩት። ያን ቀን ሞታለች። ታይፔ የሚባል ነገር የለም። ካርዶቹን የጻፈው ፓፓ ነው፤ ስምንቱንም።

ደሜ ፈላ። ያለቀስኩ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አላለቀስኩም። ንዴት ብቻ ነበር የተሰማኝ። የጫማ ካርቶኑን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ለሙታን ወረቀት የምናቃጥልበት የብረት በርሜል አለ። ለኮስኩት። ከታች ጀምሬ፣ ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሬ፣ አንድ በአንድ ጨመርኩ። እርግቦቹ ሄዱ። ነጭ የለበሰችው ሴት ሄደች። ይህን ሁሉ እንዴት ፈጠረው ብዬ ሳስብ የበለጠ ተናደድኩ።

ኤማክ ወገባቸውን ይዘው ተከትለውኝ ወጡ። ሊያስቆሙኝ ነው ብዬ ክርኔን አሾልኩ። እሳቸው ግን ወርቃማ የመሥዋዕት ወረቀት ይዘው ነበር የመጡት። አጠገቤ ቆመው ቅጠል ቅጠሉን እያጠፉ እሳቱ ላይ ይጨምሩ ጀመር። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ስሟን ጥሪ» አሉኝ። «ስሟን ካልጠራሽ መንገድ ላይ ሌላው ይወስድባታል።»

አልጠራሁም። እሳቸው ጠሩላት። «ብዌ ላን! ነይ ተቀበይ! ልጅሽ ናት!» ከዚያ ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። «ጎበዝ ልጅ። የጻፈችልሽን መልሰሽ ላክሽላት። ደስ ይላታል።»

እኚህ ሴትዮ አሁንም ይዋሹኛል፣ እሳቱ ፊት እንኳ አልተዉም ብዬ ጠላኋቸው። እሳቸው ለእናቴ ስጦታ የምልክላት መስሏቸው ነበር። እኛ ዘንድ የሚቃጠል ነገር ለሞተው ሰው ይደርሳል፤ ስለዚህ ወረቀት ስታቃጥል ያየኋትን ልጅ እኔም ብሆን አላስቆማትም። ስምንተኛው ካርድ እስኪከስል ድረስ አብረውኝ ቆሙ።

ቅዳሜ ለላኦሺ ማቋረጤን ነገርኳቸው።

«አሁን? ገና አንድ መቶ ሃያ ቃል ላይ?» አሉኝ። «ምነው ልጄ፣ ከበደሽ?»

«የምፈልገውን አውቄያለሁ።»

ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። «እኔ ስልሳ ዓመት ተምሬ የምፈልገውን ገና አላወቅኩም» አሉና ደብተሬን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ፓፓ አንድም ቀን ቻይንኛ መማሬን ሳያውቅ ባድሚንተኑንም ተውኩ።

ኤማክ ከቻይናዎች አዲስ ዓመት በኋላ አረፉ። ጓዳው ውስጥ ስድስተኛ ጣውላ ቆመ።

አስራ ሦስት ዓመት በሞላኝ ቀን ፓፓ ፖስታ ይዞ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። የሻይ መጠጫ ሰዓት ነበር፤ ከመንገዱ ሰራቢ የሚባለውን ቂጣ የሚሸጠው ሰው ጥሪ ይሰማል። እጁን ታጥቧል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ካርድ ሊሰጠኝ ሲመጣ ሁልጊዜ እንዲያ ይዘገጃጅ ነበር።

«ፓፓ፣ ተው» አልኩት። «አውቃለሁ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ጣውላው ላይ ያለውን። ተምሬ ነበር። ፊርማህን አስመስዬ።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ፖስታውን አጥፎ አጥፎ ትንሽ አደረገው።

«ሁሉንም አነበብሽው?»

«ሁሉንም።»

«ካርዶቹንስ? ስለ ካርዶቹም...»

«እሱንም አውቃለሁ» አልኩት፣ ፈጠን ብዬ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያን ለመስማት አቅም አልነበረኝም።

ትንፋሹን ረጅም አድርጎ ለቀቀ። ትከሻው ሲወርድ አየሁ። «ዘጠነኛ ክፍል ስትደርሺ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ልነግርሽ ነበር» አለኝ። «ብቻሽን አደረግሽው። ይቅር በይኝ።» ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ካርዶቹን አደራ። በደንብ አስቀምጫቸው።»

«እሺ» አልኩት። በሆዴ ግን፣ አይ ያንተ ነገር፣ ውሸትህን ለማስታወሻ ላስቀምጥልህ ነው? አልኩ።

ዳግመኛ አላነሣነውም። እሱ ሁሉንም የማውቅ መሰለው፤ እኔም መሰለኝ። አስራ አንድ ዓመት እንዲያ ኖረን፣ አንድ ጠዋት ስፌት መኪና ላይ እንዳጎነበሰ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሰሰና ሞተ።

አምና ቤቱን ለማከራየት ስወስን ጣውላዎቹን ለቻይናዎቹ ቤተ መቅደስ በአደራ ላስረክብ ወሰድኳቸው። እዚያ በመዝገብ ነው የሚቀበሉት፤ ስምና የሞተበት ቀን። መዝጋቢው ሃያ ዓመት ያልዘለለው፣ ጸጉሩን ቢጫ የቀባ ልጅ ነበር። የእናቴን ጣውላ ወደ መብራቱ አዘንብሎ በስልኩ መብራት የጎኑን ጽሑፍ አነበበ።

«ዊ ብዌ ላን። የጥንቸል ዓመት፣ አስረኛ ወር፣ ዘጠነኛ ቀን» እያለ ጻፈ። «እንግዲህ ኅዳር 1999 መሆኑ ነው።»

«ተሳስተሃል» አልኩት። «98 ነው። ግንቦት። የነብር ዓመት።»

«ጥንቸል ነው፣ እትዬ።»

«እኔ አውቃለሁ እኮ እናቴ መቼ እንደሞተች!»

ልጁ ደነገጠ። ጣውላውን ወደ እኔ አዙሮ በጥፍሩ አሳየኝ። «እዩት፤ ጥንቸል። የሚቀርጹት ደግሞ አይሳሳቱም፣ ቤተሰብ ነው ቀኑን የሚሰጣቸው።»

ሞተር ሳይክሌ ላይ ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ከግንቦት 98 እስከ ኅዳር 99። አስራ ስምንት ወር። መሃል ላይ ሁለት መስከረም አለ። ሁለት ልደት። ጣቴን ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ሆነ።

በፓፓ የድሮ ስልክ ደብተር ውስጥ የታይፔዋን ዘመዳችንን ቁጥር አገኘሁ። አክስት ጊዮክ የምላት ይህች የእማዬ የአክስት ልጅ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። አብዛኛውን ዕድሜዋን እዚያ ኖራ ከሶሎ ቋንቋ አንዲት ቃል አልረሳችም፤ እንደ ገበያ ሴት ታወራለች።

«የብዌ ላን ልጅ! ወይ ጉድ! የት ጠፍተሽ ነው አንቺ?» ከዚያ ሳልጠይቃት ሁሉንም ነገረችኝ። ጭሱ የእማዬን ሳንባ እንደበላው፣ እዚያ ሆስፒታል እንደተኛች፣ ሲሻላት ሲከፋት ዓመት ተኩል እንደቆየች። ፓፓ ሁለቴ መጥቶ እንደነበር። ሱራባያ ዕቃ ልገዛ ነው ያለኝ ጊዜ መሆኑ ገባኝ።

«ላንቺ ስትጽፍ ማየት ነበረብሽ» አለችኝ። «እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ታውቂያለሽ? እኔ ልጻፍልሽ ስላት፣ የእጄን ጽሑፍ ነው የምታውቀው ብላ እምቢ አለችኝ። የመጀመሪያዋን ካርድ በሦስት ቀን ጨረሰች። ሁለተኛዋን በስምንት ቀን። አንዲት መስመር ትጽፋለች፣ ትተኛለች። አንዲት መስመር ትጽፋለች፣ ትተኛለች።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ላኒ? እየሰማሽኝ ነው? ካርዶቹ አሉሽ አይደል?»

«አሉኝ፣ አክስቴ» አልኳት።

«እሰይ! ከእጇ የወጣ ሌላ ምንም ነገር የለም እኮ። እኔም ዘንድ የለም። እስቲ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ ያሳየኛል። ከመሞቴ በፊት ጽሑፏን አንዴ ልየው።»

«ሰሞኑን እልክልሻለሁ» አልኳት።